እግር የማይረግጠው እጣቢ

የልብስ እጣቢው ወደ በርበሬው መደብ እንዲወርድ ቦይ የቀደድኩት እኔ ነኝ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ መናገር በነበረብኝ ጊዜ ዝም ስላልኩ ነው።

የምኖረው ፍኖተ ሰላም፣ ከአክስቴ ጋር ነው። አክስቴ የአባቴ ታላቅ እኅት ናቸው። አባቴ «እታለም» ብሎ ስለሚጠራቸው እኔም እንደ እሱ እታለም እላቸዋለሁ። ከቡሬ ወደ ቆላው በሚወርደው መንገድ ካለው አገራችን ወደ እሳቸው የመጣሁት ስድስተኛ ክፍልን እንደጨረስኩ ነው። ሐሳቡ ከተማ ሆኜ ሰባተኛን እንድቀጥል ነበር። በመጣሁበት ዓመት እታለም ወገባቸውን ታመሙ፣ ቤቱ ውኃ የሚቀዳ አጣ፣ ትምህርቱም በዚያው ቀረ። ከፍቶኝ ነበር፤ ግን ለማንም አልነገርኩም። እኔ እንግዳ ሲመጣ ጓዳ የምገባ ሰው ነኝ። ሰው ሲጠይቀኝ መልሴ ከጉሮሮዬ እስኪወጣ ጠያቂው ሌላ ወሬ ይጀምራል።

እታለም የደብራችንን ካህናት ነጭ ልብስ ያጥባሉ። ዋጋ አይቀበሉም፤ ለነፍሴ ነው ይላሉ። ለቅዳሴ የሚለበሰውን ልብስ ዲያቆናቱ ራሳቸው ያጥቡታል። ወደ እኛ ቤት የሚመጣው ካህናቱ ከቤታቸው ለብሰውት የሚወጡት ጥምጥም፣ ኩታና ጋቢ ነው። በዓል ሲቃረብ ግቢያችን ከዳር እስከ ዳር በነጭ ይሸፈናል። ወገባቸው ከታመመ ወዲህ የማሸው እኔ ነኝ። እሳቸው በርጩማ ላይ ተቀምጠው የታጠበውን ወደ ፀሐይ ዘርግተው ያያሉ፤ «ይህ ገና ነው» ይሉና ይመልሱልኛል።

እታለም አንድ ሥርዓት አላቸው። የካህን ልብስ እጣቢ እግር አይረግጠውም። መንገድ ላይ አይደፋም፣ ከዕቃ እጣቢ ጋር አይገናኝም፣ ከብት በሚቆምበት አይፈስም። ከእናታቸው ያዩት ነው። እናታቸው ግን ያጥቡ የነበረው በእንዶድ ነው፤ እጣቢውንም ከአጥሩ ጥግ በተቆፈረ ጉድጓድ ይደፉት ነበር። እኛም እዚያው ጉድጓድ ነበር የምንደፋው። የተለወጠው ሳሙናው ነው። እንዶድ የሚያመጣልን ሰው ሲጠፋ በዱቄት ሳሙና ማጠብ ጀመርን። ወጣቶቹ ካህናት ደግሞ ጥምጥማቸው ከሩቅ እንዲያበራ ስለሚወዱ በረኪና ተጨመረበት። የበረኪናው ሽታ እጄ ላይ ያድራል፤ በማግሥቱ እንጀራ ስቆርስ ይሸተኛል።

መጋቢት ሲገባ አባቴ ዘር ይዞ መጣ። አባቴ የሚኖረው በበርበሬ ነው። አምና በርበሬው ፍሬ በያዘበት ሰሞን በሽታ ገባና ማሳው በሙሉ ቆሞ ደረቀ። ከመሐሉ ጥቂት እግር ብቻ እንደለመለመ ቆየ፤ የሌላው ቅጠል ሲረግፍ የእነሱ ፍሬ ቀላ። አባቴ ያንን ፍሬ ለቅሞ አደረቀው፤ ዘሩንም በጨርቅ ቋጥሮ ከአልጋው ራስጌ ሰቀለው። በሽታው ያልቻለው ዘር ነው ብሎ ያምናል። በእኛ አገር በጋ ላይ ወንዙ ስለሚደርቅ ችግኙ በየዓመቱ የሚፈላው እታለም ግቢ ነው። ሰኔ ላይ ዝናቡ ሲጀምር አባቴ በአህያ ጭኖ ይወስደዋል።

«ሁሉንም አምጥቼዋለሁ» አለ ቋጠሮውን ለእታለም ሲሰጣቸው። «ቤት የቀረ የለም።»

«ምነው ግማሹን እንኳ ብታስቀር?»

«ከዚህ ላይ ቀንሼ ምኑን ልተክል ነው እታለም? እንዲሁም ለማሳው አይበቃም።»

ከዚያ ወደ እኔ ዞረና «ውኃ እንዳይጠማው» አለኝ። ሌላ አላለም። አብረን ቀዩን አፈር ከፍግ ጋር አዋሕደን መደቡን ሠራን፣ ዘሩን በመስመር ዘርተን ደረቅ ሣር አለበስነው፣ ዶሮ እንዳይገባ ዙሪያውን በእሾህ አጠርነው። በማግሥቱ ሄደ።

ቧንቧችን በስምንት ቀን አንዴ ይመጣል። መብራት ከጠፋ ሁለት ሳምንትም ይዘላል። አባቴ በሄደ በአምስተኛው ቀን ሁለት ጀሪካን ውኃ ብቻ ቀርቶን ነበር። የሚታጠበው ልብስ ተቆልሏል፤ መደቡም ደርቋል። እታለም ከሁለት አንዱ ዛሬ ይቆይ አሉ፤ የቆየው መደቡ ነው። ልብሱን አጥቤ እጣቢውን በሳፋ ተሸክሜ ወደ ጉድጓዱ ስሄድ የማልፈው በመደቡ በኩል ነው። ሦስተኛውን ሳፋ ይዤ ስመለስ ቆምኩ። ከዚያ ዶማ አነሣሁና ከማጠቢያው ድንጋይ እስከ መደቡ ድረስ ቦይ ቀደድኩ።

እታለም ከበርጩማቸው ላይ ሆነው ሲያዩኝ ቆዩ። ይቆጡኛል ብዬ ነበር። እሳቸው ግን ፊታቸው በራ። መደቡ የታጠረ ነው፤ ሰው አይረግጠውም፣ ከብት አይገባበትም። ሥርዓታቸው አልፈረሰም፤ ዘሩም ጠጣ።

«አየሽ ልጄ» አሉኝ፣ «ይህን ሁሉ ዘመን ቡራኬውን ጉድጓድ ስናበላው ኖረናል።»

ችግኙ ከሣሩ ሥር ብቅ ሲል ያማረ ነበር። ከመደቡ ዳር የነበረው ጎመን ደግሞ ጥቁር አረንጓዴ ሆኖ ቅጠሉ ሰፋ። አንዲት ጎረቤታችን አይታው፣ ይህስ የሚቀቀል ሳይሆን ዝናብ ሲመጣ የሚጠለሉበት ነው ብላ ሳቀች። እታለም ለመጣው ሰው ሁሉ የዝምተኛዋ ብልሃት ነው እያሉ ቦዩን ያሳዩ ነበር። እኔ ጓዳ ሆኜ እሰማለሁ። ሰው ስለ እኔ ደግ ሲያወራ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። አንድ ቀን ሳልጠራ ወጥቼ ለእንግዶቹ ውኃ አቀረብኩ። እታለም ገርሟቸው አዩኝ።

መጀመሪያ ያየሁት አረፋውን ነው። ቦዩ መጨረሻ ላይ እጣቢው ሲቆም ትንንሽ አረፋ ይይዛል፤ ያ አረፋ ከሰዓት በኋላም አይጠፋም። ሳምንት ያህል ቆይቶ አፈሩ ሲደርቅ ነጭ ነገር ላዩ ላይ ወጣ። በጣቴ ነካሁት፤ እንደ ጨው ነው። ቀጥሎ ውኃው አልሰርግ አለ። ድሮ እንደደፋሁት የሚጠጣው አፈር አሁን ውኃውን ላዩ ላይ ይዞ ይቆያል፤ ሲደርቅም እንደተለቀለቀ ግድግዳ ይሰነጠቃል። አንድ ጠዋት የመሬት ትሎች ከመደቡ ወጥተው በእሾሁ አጥር ሥር ደርቀው አገኘሁ። ብዙ ናቸው። ከአፈሩ ሸሽተው የመጡ ይመስላል፤ ግን ሩቅ አልደረሱም። ዶሮዎቹ እንዳያዩአቸው ይሁን እታለም፣ እኔ አላውቅም፣ በመጥረጊያ ሰብስቤ ጣልኳቸው።

ስድስተኛ ክፍል ሳለን መምህራችን ባቄላ በሁለት ቆርቆሮ አስተክለውን ነበር፤ አንዱን ጨለማ ውስጥ፣ አንዱን ብርሃን ላይ። እሱ ትዝ አለኝ። ሁለት የዘይት ጣሳ ከሥር በሳሁ። በአንዱ የመደቡን አፈር፣ በሌላው ከቤቱ ጀርባ እጣቢ ያልነካውን አፈር ሞላሁ። በሁለቱም የጎመን ዘር ዘርቼ ከእንጨቱ ክምር ኋላ ደበቅኳቸው። ያጠጣኋቸው የቧንቧ ውኃ ብቻ ነው፤ ሁለቱንም እኩል። በአምስተኛው ቀን ከቤት ጀርባ በመጣው አፈር ላይ ጎመኑ በቀለ። በመደቡ አፈር ላይ ሁለት ብቻ ወጡ፤ እነሱም በሳምንቱ አንገታቸው ቀጥኖ ወደቁ።

ያን ጊዜ ገባኝ። ውኃውን ብለውጥ እንኳ አፈሩ ራሱ ሌላ ሆኗል። ሆሣዕና ሊደርስ ጥቂት ቀን ቀርቶት ነበር።

ጣሳዎቹን ይዤ ለእታለም ላሳያቸው ሁለት ጊዜ እስከ በሩ ሄጃለሁ። በመጀመሪያው ቀን እንግዳ ነበራቸው፤ ቦዩን እያሳዩ ስለ እኔ ያወሩ ነበር። በሁለተኛው ቀን ብቻቸውን ተቀምጠው ይጸልዩ ነበር። ከዚያ ወዲያ አልሞከርኩም። አባቴ ጋ እንዳልደውል በዚያ ሰሞን ኔትወርክ አልነበረም። መንገዱም አንድ ቀን ተከፍቶ ሦስት ቀን የሚዘጋበት ጊዜ ነበር። ይህን የምለው ራሴን ነፃ ለማውጣት አይደለም፤ ለእታለም ለመናገር መንገድም ኔትወርክም አያስፈልገኝም ነበር።

ለሆሣዕናና ለፋሲካ የመጣው ልብስ ከሁልጊዜውም በዛ። ሦስት ቀን ሙሉ አጠብኩ። ካህናቱ ለፋሲካ ሌሊት ነው የሚለብሱት እያሉ እታለም በረኪናውን ጨመር አድርጊ ይሉኛል። እኔም እጨምራለሁ። እጣቢው ቦዩን ሞልቶ ይወርዳል፤ መደቡ ላይ ይተኛል። ችግኙ ገና ሦስት አራት ቅጠል ነው። እታለም ከበርጩማቸው ሆነው በከንፈራቸው አባታችን ሆይ ይላሉ፤ እኔ ልብሱን እያሸሁ መደቡን ላለማየት ጀርባዬን ሰጥቼ ተቀምጫለሁ።

በፋሲካ ሳምንት የችግኙ ቅጠል ከዳር ከዳሩ ተቃጠለ። እሳት የላሰው ይመስል ነበር። ቦዩ ከሚገባበት በኩል ያሉት ቀድመው ቢጫ ሆኑ፤ ቢጫው በየቀኑ አንድ መስመር ወደ ውስጥ ይገባል። ጎመኑም ያ ሁሉ ጥቁረቱ ሄደ።

እታለም ዓይን ነው አሉ። ያ ሁሉ ሰው እየመጣ ሲያደንቅ ዓይኑን ጥሎበት ነው። ከሚያውቁት ሰው የበሬ ራስ ቅል ከነቀንዱ አስመጥተው በእንጨት ላይ አድርገው መደቡ ራስጌ አቆሙት። ከዚያ ወዲያ ሰው ቦዩን እንዲያይ አልፈቀዱም። እጣቢውንም አበዙለት። እስከዚያ ጉድጓዱ ውስጥ እደፋው የነበረው የመጀመሪያው፣ አረፋና እድፍ የበዛበት ውኃ ሳይቀር ወደ መደቡ ይሁን አሉ። ቡራኬው ይጠብቀዋል ብለው ነው። ጠዋት ስነሣ መጀመሪያ የማየው ያን ራስ ቅል ነበር። ከሥሩ መደቡ ነጭ ሆኖ ተኝቷል።

ግንቦት ሲጋመስ የየኔታን ጥምጥም ላደርስ ሄድኩ። የኔታ ከደጋ ዳሞት በኩል የመጡ ሽማግሌ የቅኔ መምህር ናቸው፤ ዓይናቸው ደክሟል። ሁልጊዜ ጥቅሉን በራቸው ላይ አስቀምጬ እሮጣለሁ። የዚያን ቀን አልሄድኩም።

«ማነው የቆመው? ያች ዝምተኛዋ ናት?»

«አዎ የኔታ።»

«ምርቃት እየጠበቅሽ እንደሆነ ለአክስትሽ ሰጥቻለሁ፤ ቤት ሄዳችሁ ተካፈሉት።»

ሳልሄድ ስቀር ፈገግታቸውን ተዉ። ቀስ ብለው፣ ተቀመጪ አሉኝ። ቆሜ ነው የጠየቅኳቸው።

«የኔታ፣ የጥምጥምዎ እጣቢ መንገድ ላይ ቢደፋ ኃጢአት ነው?»

እስኪያስላቸው ሳቁ። «የእኔ ጥምጥም? ልጄ፣ እሱ እኮ ላቤ ነው። እግር አይርገጠው የተባለው የንዋየ ቅድሳቱ ውኃ ነው። የእኔን እድፍ ከፈለግሽ አህያ ይርገጠው።»

ያን ጊዜ ሁሉንም ነገርኳቸው። ስለ አባቴ ዘር፣ ስለ ቦዩ፣ ስለ ትሎቹ፣ ስለ ሁለቱ ጣሳዎች። ያን ያህል ለአንድ ሰው ተናግሬ አላውቅም። እሳቸው አላቋረጡኝም። ልብሱ እንዲህ የሚነጣው በምን እንደሆነ ጠየቁኝ፤ በበረኪና ነው አልኳቸው። እጃቸውን ወደ አንገታቸው ወስደው ፋቅ ፋቅ አደረጉ።

«እኔ ደግሞ የሚያሳክከኝ እርጅና መስሎኝ» አሉ። በዚህኛው ግን አልሳቁም።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በአንድ ተማሪያቸው ተመርተው ቤታችን መጡ። እኔ ጓዳ ነበርኩ። ለእታለም ምን እንዳሏቸው ሁሉንም አልሰማሁም፤ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነበር። እታለም ራሳቸውን ደፍተው ሰምተው እስከ በር ሸኟቸው። ሲመለሱ ጓዳ ገቡ።

«አንቺ መቼ ነው ያወቅሽው?»

«ከሆሣዕና በፊት።»

«ከሆሣዕና በፊት» አሉ እሳቸውም፣ ቀስ ብለው። ቢጮሁብኝ ይሻለኝ ነበር። ምሰሶውን ተደግፈው፣ «እኔ እኮ እየጸለይኩ ነው ያስደፋሁሽ» ብለው ወጡ።

ቦዩን በዚያው ቀን ደፈንኩት። ከዚያ ወዲያ ለመደቡ የሰጠነው የምንጠጣውን ውኃ ነው፤ እኛ እየቆጠብን። የረፈደ ነበር። ውኃው አይሰርግም፤ በመስመሮቹ መካከል ቆሞ ፀሐይ ያነሣዋል፤ ነጩ ነገር ይበልጥ ይወጣል። ከቦዩ ራቅ ካለው ዳር ጥቂት ችግኞች ብቻ ቆመው ቀሩ።

ሰኔ በገባ በሳምንቱ አባቴ አህያውን እየነዳ መጣ። በአህያው ግራና ቀኝ ሁለት ቅርጫት አስሯል፤ ችግኙ እንዳይጠወልግ የሚጠቀልልበት የኮባ ቅጠልም ቆርጦ ይዟል። እታለም በሩ ላይ ጠብቀው፣ ሳይገባ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው አሉት። እሱ ያመማቸው ነው የመሰለው። ወገባቸውን ጠየቃቸው። ከዚያ ከትከሻቸው በላይ የበሬውን ራስ ቅል አየ።

መደቡ ዳር ሄዶ ተንበረከከ። መሬቱን በመዳፉ ዳሰሰ። ዶማ አምጪ አለኝና አመጣሁለት። ሲመታው ድንጋይ የመታ ያህል ጮኸ። አንድ ጓል ፈንቅሎ ሰበረው፤ ውስጡ ቀይ አልነበረም፣ አመድማ ነው። አሸተተው። ትንሽ ቆንጥሮ ምላሱ ላይ አደረገና ተፋው። ከዚያ ወደ ታች መቆፈር ጀመረ። እስከ ክንዱ ድረስ ቆፈረ። ከጉድጓዱ የበሰበሰ ነገርና የሳሙና ሽታ አንድ ላይ ወጣ። ታች ደህና አፈር ያገኛል ብዬ ስጠብቅ ዶማውን ጣለው።

«እታለም አላወቁም ነበር» አልኩት። «እኔ ነኝ ቦዩን የቀደድኩት። እንደተበላሸም አውቄ ነበር።»

ፊቱን አዞረ። «አውቀሽ?»

«አውቄ።»

«ታዲያ ምነው?»

እውነቱ አሳፋሪ ነበር፤ ግን ሌላ አልነበረኝም። «አመሰገኑኝ» አልኩት።

አባቴ አየኝ። ከዚያ ከዳር የቆሙትን ችግኞች ከነአፈራቸው አንድ በአንድ ነቀላቸው። ሃያ ሦስት ናቸው። በኮባ ጠቅልሎ ከአንዱ ቅርጫት ሥር አስቀመጣቸው፤ ቅርጫቱ ባዶ ነው የሚመስለው። እታለም እደር ቢሉት መንገድ ሳይዘጋ ልሂድ አለ። ሲወጣ ግን ትከሻዬን ያዝ አድርጎ ለቀቀኝ። የቁጣ ይሁን ሌላ እስካሁን አላወቅኩም።

ኋላ ከቡሬ በመጣ ሰው እንደላከልን፣ ማሳው ዳጉሳ ተዘርቶበታል። ከሃያ ሦስቱ ግማሾቹ ይዘዋል። አበባ ያውጡ አያውጡ ገና አይታወቅም። ዘር የሚሰጡት ካፈሩ ነው፤ ካላፈሩ ያ ዘር አለቀ።

እታለም ማጠባቸውን አላቋረጡም። በረኪናውን ትተዋል፤ ሳሙናውንም ቀንሰዋል። የግቢውን አፈር እንዳይነካው እጣቢውን አሁን ተሸክሜ አውጥቼ ከመንገዱ ዳር ካለው የጎርፍ መውረጃ እደፋዋለሁ። የኔታ ፈቅደው እንኳ እታለም ሳፋውን ሳነሣ ፊታቸውን ያዞራሉ።

ዝናቡ ሲበረታ እታለም ተስፋ አደረጉ። የሰማይ ውኃ ያጥበዋል አሉ። የመጀመሪያው ትልቅ ዝናብ ከሰዓት በኋላ ጣለ። የግቢው አፈር ሁሉ እየጠጣ ጠቆረ፤ ባዳ የሆነው መደቡ ብቻ ነው። ውኃው በላዩ ላይ ትሪ ላይ እንደተቀመጠ ቆመ፤ ጠብታ በወደቀበት ቁጥር አረፋ ይነሣል። ሳሙና ከነካው አንድ ወር አልፎታል።

እታለም ከቤት ሆነው «ሰረገ?» አሉኝ።

ድሮ ቢሆን ከንፈሬን ነክሼ ዝም እል ነበር። «አልሰረገም» አልኳቸው፣ ዝናቡን አልፎ እንዲሰማቸው ጮክ ብዬ።

በማግሥቱም ጠየቁኝ፤ አልሰረገም አልኳቸው። በሦስተኛው ቀን ሊጠይቁኝ ፈርተው እሳቱ ዳር ተቀመጡ። ወጥቼ አየሁ፤ ውኃው እንደቆመ ነው፤ ተመልሼም ሳይጠይቁኝ ነገርኳቸው።